እውነት ነው ውሸት? ስለ ሬስለሮች እንጀራና ስለ አንድ ውል

(በሕግ ትምህርት የ1992 ዓ.ም. ተመራቂዎች 25ኛ ዓመት መገናኛ ላይ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተደረገ ንግግር)



የኮሚቴው ሰው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሃል፣ በፈለግኸው ርዕስ ተናገር» ሲለኝ «ስለ ሬስሊንግ እናገራለሁ» አልኩት። በስልኩ ማዶ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ «የቱ ሬስሊንግ? ያ የቪዲዮ ቤቱ?» አለኝ። አዎ፣ ያው የቪዲዮ ቤቱ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ደስ ካላላችሁ ጥፋቱ የኮሚቴው አይደለም።

ታስታውሱ እንደሆነ ከግቢ ወጥተን ወደ አፍንጮ በር ስንወርድ አንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበረች። በሳምንቱ ቀናት የህንድ ፊልም ታሳያለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሬስሊንግ ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ወንበር የለም፣ ረጅም አግዳሚ ብቻ። ካሴቱ በብዙ እጅ ከማለፉ የተነሳ የሰዎቹ ፊት አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው። ሀልክ ሆጋንን፣ አንደርቴከርን፣ ብሬት ሃርትን እዚያ ነው ያወቅናቸው።

ካሴቱ ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። ግማሾቻችን «እውነት ነው! ሰውየው ሲወድቅ አላያችሁም?» እንላለን። ግማሾቹ ደግሞ «ባካችሁ፣ ተነጋግረው ነው፣ ውሸት ነው» ይላሉ። የሕግ ተማሪዎች ስለሆንን የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው እስከማለት ደርሰናል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «ልጆች፣ ለሚቀጥለው ካሴት ቦታ ልቀቁ» ብሎ እስኪያስወጣን ድረስ።

ዛሬ ያንን ክርክር ልቋጭ ነው የመጣሁት። ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። በአማርኛ «ታጋይ» ብል ጫካ የገባውን እንዳይመስልባችሁ ስለምፈራ «ሬስለር» እያልኩ እቀጥላለሁ። የማወራውም ኦሎምፒክ ላይ ስለሚታገሉት አይደለም። በአሜሪካ እየተከፈላቸው ሕዝብ ፊት ስለሚወድቁት ነው።

አራተኛ ዓመት ሳለን፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1999፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 15 ቀን 1991፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ኦውን ሃርት የሚባል ሬስለር ሞተ። የብሬት ሃርት ታናሽ ወንድም ነው። ለትርኢቱ ማድመቂያ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ መያዣው ተፈታ፤ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 34 ነበር። እሱን ወስደው ትርኢቱ ቀጠለ። ኩባንያው በማግሥቱ ዓመት ለቤተሰቡ 18 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱ በስምምነት አለቀ። ወሬው ለእኛ የደረሰን ከወራት በኋላ ነው። «ውሸት ነው» የሚለው ወገን የዚያን ቅዳሜ ምንም አልተናገረም። እኛም አላበሸቅናቸውም።

ከዚያ ተመረቅን፣ ተበተንን። እኔ በዕድል ቪርጂኒያ ደረስኩ። የሕግ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ አድርጌ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራሁ። ዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ያልሠራ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ቀጥሎ በገዛ መኪናዬ ዕቃ ማድረስ ጀመርኩ። ማለዳ አሥር ሰዓት ላይ መጋዘን እንሰለፋለን፣ ዕቃ እንጭናለን፣ እስከ ማታ እናደርሳለን።

በዚያ መጋዘን ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጥ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ትልቅ ሰውነት፣ ለስላሳ ድምፅ። አንገቱን አያዞርም፤ ሲጠሩት ከነትከሻው ነው የሚዞረው። አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ሬስለር ነበርኩ፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ያ የቪዲዮ ቤት ልጅ ወጣብኝና «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አልኩት። አልተቆጣም። ሳቀና «ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። መሬቱ ግን መውደቄን አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ሙያውን አስተማረኝ። ያ የሚታገሉበት መድረክ ፍራሽ አይደለም። የብረት ተሸካሚ፣ በላዩ የእንጨት ጣውላ፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ ነው። የሚሰማው ድምፅ የጣውላው ነው። አወዳደቁን ይማሩታል፤ አገጭን ወደ ደረት አስገብቶ፣ እጅን ዘርግቶ፣ በሰፊው ጀርባ። ትምህርቱ የሚጠቅመው ወዲያው እንዳይሰበሩ ነው። ጀርባና አንገት ግን ይቆጥራሉ። በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት የወደቀ ሰው ገላ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ክፍያውስ? እሱ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ለዝነኛ ሰው ለመሸነፍ። የቀረው ሕይወቱ በትምህርት ቤት ጂምናዚየምና በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ነው ያለፈው። በአንድ ምሽት 40 ዶላር። አምስት ሰዓት ነድቶ ይሄዳል፣ አምስት ሰዓት ነድቶ ይመለሳል። «ነዳጁን ስቀንሰው ለአሥር ዶላር ነበር የምወድቀው» አለኝ። በሙያው ውስጥ አንድ የቆየ ቀልድ አለ፤ የጀማሪ ደመወዝ አንድ ሆት ዶግና አንድ መጨባበጥ ነው ይላሉ። ቀልዱ የመጣው ከእውነት ነው።

እንግዲህ በየካቲት አንድ ማታ እኔም ወደቅሁ። ዕቃ ይዤ የሰው ደረጃ ስወጣ በረዶ አዳለጠኝ፤ ትከሻዬ ወለቀ፣ አጥንቱም ተሰነጠቀ። ወደ መጋዘኑ ደውዬ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ስጠይቅ፣ በጣም ጨዋ የሆነች ሴት «አንተ እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም፣ ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ነህ» አለችኝ። ነጻ ተቋራጭ ማለት ነው። ዩኒፎርማቸውን ለብሼ፣ በእነሱ መስመር፣ በእነሱ ሰዓት፣ የእነሱን ዕቃ ተሸክሜ ነው የወደቅሁት። ግን ውሉን ፈርሜያለሁ። የሕግ ምሩቅ ሆኜ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው?

አሥራ አንድ ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ያ ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ መጣ፣ ሾርባ ይዞ። ውሉን አሳየሁት። ሲያነብ ሳቀ። «ይኼንን አውቀዋለሁ። ሬስለሮቹ የሚፈርሙት ነው፣ ቃሉ ብቻ ይለያያል» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገሬ ይኼ ነው።

በሙያው ትልቁ ኩባንያ በዘመናችን ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የተባለው ነው። ከሬስለሮቹ ጋር የሚፈራረማቸው ውሎች በተለያየ ጊዜ በፍርድ ቤት መዝገብም በሌላም መንገድ ይፋ ወጥተዋል። እኔም ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ሬስለሩ «ነጻ ተቋራጭ» ነው ይላሉ። በቀጣዩ ገጽ ግን ነጻነቱ ምን እንደሆነ እዩልኝ።

ለሌላ ኩባንያ መታገል አይችልም። የት ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር እንደሚታገል ኩባንያው ይወስናል። ማሸነፍ መሸነፉን፣ ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚለብስ ኩባንያው ይወስናል። ለመድረክ የተሰጠው ስም የኩባንያው ንብረት ነው፤ ሲሰናበት ስሙን ትቶ ይወጣል። ኩባንያው በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ እሱ ግን እንደፈለገ መልቀቅ አይችልም። የጤና መድኑን ራሱ ይገዛል። በመንገድ ላይ ሆቴሉንና የኪራይ መኪናውን ለረጅም ዘመን ራሱ ሲከፍል ኖሯል። ጉዳት ቢደርስበት ኩባንያውን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ አንቀጽም አለበት።

አሁን እስቲ መምህሮቻችን ፊት እንደ ፈተና ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይኼ ሰው ተቋራጭ ነው? ቤቴን ቀለም የሚቀባልኝ ተቋራጭ ነው፤ ነገ የእናንተን ይቀባል፣ ብሩሹን ይመርጣል፣ ዋጋውን ይናገራል፣ ከሠራ ያተርፋል፣ ካጠፋ ይከስራል። ሬስለሩ ከእነዚህ አንዱም የለውም። የመውደቂያ ሰዓቱን እንኳን አይመርጥም።

ስያሜው የሚያመጣው ልዩነት ግን የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ ብትሆን ለማኅበራዊ ዋስትናና ለአረጋውያን ሕክምና ከሚቆረጠው ግብር አንተ 7.65 በመቶ፣ አሠሪው 7.65 በመቶ ትከፍላላችሁ። ነጻ ተቋራጭ ከሆንክ 15.3 በመቶውን ብቻህን ትሸከማለህ። የሥራ አጥነት ድጎማ የለህም። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የለህም። ዝቅተኛው ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይመለከቱህም። ከሁሉም የሚከፋው፣ የመደራጀት መብት የሚሰጠው የ1935ቱ ሕግ ለሠራተኛ ብቻ ነው። በ1947 በተደረገው ማሻሻያ ነጻ ተቋራጮች በግልጽ ከሕጉ ወጥተዋል። እንዲያውም ተቋራጮች ተሰባስበው ዋጋ ቢተምኑ እንደ ነጋዴ ተቆጥረው የውድድር ሕግ ሊያገኛቸው ይችላል። አንዲት ቃል ውል ላይ በመግባቷ ሰውየው በአንድ ፊርማ ይኼን ሁሉ ያጣል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩበት። ለብዙ ዘመን ሙያው «ሁሉም እውነት ነው» በሚል ምስጢር ይጠበቅ ነበር። ምስጢሩን ያወጣ ሬስለር እንጀራው ይቋረጣል። በ1989 ግን ኩባንያው ራሱ በኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ፊት ይኼ መዝናኛ እንጂ እውነተኛ የስፖርት ውድድር አይደለም ብሎ አስረዳ። ለምን? እንደ ስፖርት ከተቆጠረ የስፖርት ኮሚሽን ፈቃድ፣ ቁጥጥርና ግብር አለበት። መዝናኛ ከሆነ ይኼ ሁሉ ይቀራል። ጥሩ፣ መዝናኛ ይሁን። ታዲያ በዚያው አገር የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ ማኅበር አለው፤ የጤና መድንና ጡረታ አለው። ሬስለሩ ግን ተዋናይም አይባልም። ለቁጥጥር ሲሆን ስፖርተኛ አይደለም፣ ለመብት ሲሆን ተዋናይ አይደለም፣ ለደመወዝ ሲሆን ሠራተኛ አይደለም።

«አልታገሉም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሞክረዋል። በ1986 የጸደይ ወራት፣ ሬስልማንያ የሚሉት ትልቁ ዓመታዊ ትርኢታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሊደረግ ሲል፣ ጄሲ ቬንቹራ ሬስለሮቹን በመልበሻ ክፍል ሰብስቦ «ማኅበር እናቋቁም፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም» አላቸው። ይኼው ቬንቹራ በኋላ የሚኒሶታ ገዥ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ የኩባንያው ባለቤት ቪንስ ማክማን ስለ ጉዳዩ ደውሎ ተቆጣው። ማን እንደነገረበት ለዓመታት አላወቀም። በሌላ ጉዳይ ኩባንያውን ሲከስስ፣ ማክማን በመሐላ በሰጠው ቃል ላይ የነገረው ሀልክ ሆጋን እንደነበር እንደሰማ ቬንቹራ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ሆጋን ባለፈው ሐምሌ አርፏል፤ ነፍስ ይማር። በልጅነታችን ያስደሰተን ሰው ነው፣ እዚህ ቆሜ ላዋርደው አልፈልግም። ግን ነገሩን ከእሱ አንጻር እዩት። ከሁሉም የበለጠ የሚከፈለው እሱ ነበር። ማኅበር ቢቋቋም የሚያተርፉት ከሥር ያሉት ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ የአንበሳው ጮማ የሚደርሰው ሰው ግን ድሩን ለማበር ብዙ አይቸኩልም። ይኼ የአሜሪካ ጠባይ ብቻ አይደለም።

ቬንቹራ የከሰሰበት ሌላው ጉዳይ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቪዲዮ ካሴት። ድምፁ ያለበትን የትርኢት ካሴት ኩባንያው እየሸጠ የእሱን ድርሻ አልሰጠውም ነበር። በ1994 ዳኞች ከ800 ሺሕ ዶላር በላይ ፈረዱለት፣ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ይኼን ሳነብ አፍንጮ በር ትዝ አለችኝ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ያየነው ካሴት ላይ የሚጮኸው ድምፅ ሒሳቡ ያልተከፈለ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ላስኪደው። በ1990ዎቹ ሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች ስለሚሻሙ ክፍያ ከፍ ብሎ ነበር። በ2001 አንዱ ሌላውን ገዛው፤ የሚሻማ ቀረ። በ2005 ኤዲ ጌሬሮ የሚባል ታዋቂ ሬስለር በ38 ዓመቱ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ኩባንያው ሬስለሮቹን በልብ ሕመም በኩል መመርመር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 ሦስት ሬስለሮች «እኛ ሠራተኞች ነበርን እንጂ ተቋራጮች አልነበርንም» ብለው ከሰሱ። በ2009 ክሱ ተዘጋ፤ ዋናው ጥያቄ በማስረጃ ሳይመረመር፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ። እናንተ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት አስተማሪዎች ይኼ ስሜት ይገባችኋል።

በሚያዝያ 2020 በኮሮና ወቅት የፍሎሪዳ ግዛት ሥራውን «አስፈላጊ አገልግሎት» ብሎ ትርኢቱ እንዲቀጥል ፈቀደ። በዚያው ሳምንት ኩባንያው በርካታ ሬስለሮችን በአንድ ቀን አሰናበተ። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ የቀሩት በትርፍ ጊዜያቸው በኢንተርኔት በግላቸው የሚያገኟትን ገቢ እንዲያቆሙ ተነገራቸው። ነጻ ተቋራጭ ናችሁ፣ ግን በእረፍት ቀናችሁም የእኛ ናችሁ እንደማለት ነው። ኅዳር ላይ አንዲት ሬስለር ማኅበር እደግፋለሁ ብላ ጻፈች፤ በዚያው ዕለት መሰናበቷም ተገለጸ። ኩባንያው በጥር 2024 ሳምንታዊ ትርኢቱን ለኔትፍሊክስ ለአሥር ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ስለዚህ ገንዘብ የለም የሚባል ነገር የለም።

ለሌላው ወገን ፍትሐዊ ልሁን፣ ጠበቃ ነኝና። ኩባንያው በመድረክ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ቀዶ ሕክምናውን እንደሚከፍል ይታወቃል። በሱስ ለተያዙ የቀድሞ ሬስለሮችም የማገገሚያ ወጪ ይሸፍናል። ከላይ ያሉት ሚሊዮኖች ያገኛሉ። «ማንም አላስገደዳቸውም፣ ወደው ነው የፈረሙት» የሚለውም ክርክር ሚዛን አለው። ግን እኛ የተማርነው የሥራ ሕግ የተጻፈው ማን ስለተገደደ አይደለም። አንዱ ወገን ብቻውን ቃሉን ሲጽፍ፣ ሌላው ወገን እንጀራ ስለሚፈልግ የሚፈርምበት ቦታ ላይ ሕጉ ራሱ ሦስተኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ነው።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ከአራት ዓመት በኋላ አንገቱ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። መድን የለውም። ጓደኞቹ በአንድ ጂምናዚየም ትርኢት አዘጋጁለት፤ ሁሉም በነጻ ታገሉ፣ ባልዲ እየዞረ ገንዘብ ተሰበሰበ። እኔም ሄድኩ፣ 50 ዶላር ጣልኩ። እዚያ ቆሜ «ይኼማ እድር ነው» አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አሳፈረኝ። የእኛ እድር ሐዘንን ለመካፈል የተሠራ ነው፤ አሠሪ ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ ለመክፈል አይደለም። እነዚህ ሰዎች የተሰበረውን አንገት ለማሳከም ሌላ አንገት ሊሰብሩ ይችሉ ነበር። ከሰበሰቡት ገንዘብ ጋር ሐኪም ቤቱ ዕዳውን በየወሩ እንዲከፍል ፈቀደለት። ዛሬም ይከፍላል። ዛሬም ከነትከሻው ነው የሚዞረው።

እሱ ነው ወደ ሕጉ የመለሰኝ። ማስተርሴን ማታ ማታ ተማርኩ፣ የጥብቅና ፈተናውን በሁለተኛው አለፍኩ፣ የሠራተኞችን ጉዳይ በሚይዝ አነስተኛ ቢሮ ገባሁ። እዚህ ላይ ጨርሼ ብወርድ ጥሩ ሰው መስዬ እወርድ ነበር። ግን እናንተ ጓደኞቼ ናችሁ፣ የቀረውንም ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያገራችን ሰው በሽተኞችን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ድርጅት ከፈተ። ጎበዝ ሰው፣ ከምንም ተነስቶ። «ውል ጻፍልኝ» አለኝ። «ሾፌሮቹ ኮንትራክተር ይሁኑ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው» አለኝ። እኔም ጻፍኩለት። ስድስት ገጽ፣ በጣም ንጹሕ ውል። ዋጋዬን ተቀበልኩ። ሌሊቱንም በደንብ ተኛሁ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሾፌር፣ ጎልማሳ አባት፣ አሮጊት ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ሲያወርድ ወገቡ ተጎድቶ ቢሮዬ መጣ። «ልጄ፣ እስቲ ይኼን ወረቀት አንብብልኝ» ብሎ ዘረጋልኝ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይ የራሴ መሆኑን አወቅሁት። ኮማው ያለበትን ቦታ ሳይቀር። ሰውየው ግን ማን እንደጻፈው አያውቅም፤ አሻግሮ በተስፋ ያየኛል።

«አባቴ፣ ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ጉዳዩን መያዝ ሕጉም አይፈቅድልኝም፣ ኅሊናዬም አይፈቅድልኝም። ለሌላ ጠበቃ አስተላለፍኩት፤ የውሉን ስም ትተው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዱ ብቻ ነገርኳቸው። ደንበኛዬንም ጠርቼ ሾፌሮቹን ሠራተኛ እንዲያደርግ መከርኩት። «አንተም ተነሳህብኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ሾፌሩ በመጨረሻ ጥቂት ካሳ አገኘ፤ ወገቡ ግን አልተመለሰለትም። ያ ሰው በሄደ ማታ ነው የድሮው ክርክራችን መልስ የገባኝ። አወዳደቁ እውነት ነው። ሕመሙ እውነት ነው። ውሸቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱን የምንጽፈው ደግሞ እኛ ነን።

ይኼ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል አለ የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ደግሞ ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ሁለቱ በሮች አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በስልክ ጥሪ የሚነዳው፣ በሞተር ምግብ የሚያደርሰው ወጣት በየትኛው በር ነው የሚገባው? በየካቲት 2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ላይ፣ መነሻው የተጻፈው ውል ሳይሆን ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ሰው ነው ብሎ ወስኗል። እኛም ጥያቄው ይመጣብናል፤ መጥቷልም።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ።

አንደኛው ለእናንተ ለባች ጓደኞቼ ነው። ብዙዎቻችሁ ዛሬ የድርጅት የሕግ አማካሪ፣ ዳኛ፣ አንዳንዶቻችሁም ባለ ድርጅት ናችሁ። «የአገልግሎት ውል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? ለሌላ ሰው መሥራት ይችላል? ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? መልሱ «እኛ፣ አይችልም፣ ማንም» ከሆነ ሰውየው ሠራተኛ ነውና በስሙ ጥሩት።

ሁለተኛው ለመምህራን ነው። የሥራ ሕግ ስታስተምሩ አዋጁን ብቻ አታስነብቡ። ውሎችን አስነብቡ፣ ስያሜውን በወረቀት ሸፍናችሁ። ተማሪው ግንኙነቱ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገር፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሱለት። ይፋ የወጡትን የሬስለሮች ውሎች አትሜ አምጥቻለሁ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ እተዋቸዋለሁ። ተማሪ ሌላ ባይወድ ይኼን ይወዳል።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። በነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎታችሁ ውስጥ በሳምንት አንድ ከሰዓት «ሳትፈርም አምጣ» የሚባል ጊዜ ይኑር። ሰው ከፈረመ በኋላ ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት የሚመጣበት። ከዋሽንግተን በስልክ በወር ሁለት ጊዜ እኔም እገኛለሁ፤ ቀኑን ዛሬ ከእራት በፊት እንነጋገር።

ትናንት ወደ አፍንጮ በር ወረድኩ። ቪዲዮ ቤቷ የለችም። አግዳሚው ላይ አብራችሁኝ የተከራከራችሁት ግን እዚህ አላችሁ። «ውሸት ነው» ትሉ የነበራችሁ፣ ግማሽ እውነት ነበራችሁ። «እውነት ነው» እንል የነበርነውም እንዲሁ። ሂሳባችን እኩል ነውና ማኪያቶው በየግላችን ይሁን።